ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው መጋዝ

በአንድ ወቅት ልበልና ልጀምር፤ ዓመቱን ባልጠራው ይቀለኛል። ደሴ ከተማ ውስጥ ጋሽ ይመር የሚባሉ፣ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው አናጺ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ነበረች፤ እሷም ተምራ አስተማሪ ሆናለች። ልጅቷን እንደ ሌላ ሰው አድርጌ ልተርካት አስቤ ነበር፤ አልቻልኩበትም። እኔ ነኝ።

አባቴ ሦስት ሠራተኞች ነበሯቸው፤ እንድሪስ፣ ካሳውና ሙሄ። ሦስቱም በልጅነታቸው ገብተው ሙያውን ከእሳቸው ተምረው እዚያው ጎለመሱ። አንድ ክረምት ሲወጣ የቤቱ አሮጌ የጠረጴዛ መጋዝ ሞተሩ ተቃጠለ። የአባቴም ዓይን ደክሞ ነበር። ሦስቱን ጠርተው፣

«እኔ ከእንግዲህ አልችልም። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ መጋዝ ይዛችሁልኝ ኑ። የሚሻለውን ያመጣ ቤቱን ይረከበኛል። የቀራችሁት ሌላ እንጀራ ፈልጉ፤ ይህ ቤት ለሦስት ጌታ አይበቃም» አሏቸው።

እንድሪስ ጆሮ ነበረው። ኮምቦልቻ ወርዶ ሱቅ ውስጥ መጋዞቹን አንድ በአንድ አስነሳና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ባለ ሱቁ «ማሽን ነው ወይስ ቴፕ ነው የምትገዛው?» ቢለው «የሚያቃስት ማሽን ባለቤቱን ያስቃስታል» ብሎ መለሰለት። «ንስር» የሚል ስም የተለጠፈበትን ቀዩን ይዞ መጣ።

ካሳው ልክ አይስትም ነበር። የማዕዘን መለኪያ ስኳድራውን በብብቱ ይዞ ከሱቅ ሱቅ ዞረ፤ ስለቱ ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙን ሳይለካ አንዱንም አላለፈም። ሻጮቹ ሰለቹት። በመጨረሻ «ግስላ» የተባለውን አረንጓዴውን መረጠ። «የጸጉር ያህል አይዛነፍም» አለ ሲያወርደው።

ሙሄ ደግሞ የሚያየው ሰውን ነበር። ሱቅ ከመግባቱ በፊት በየእንጨት ሥራ ቤቱ እየዞረ ሠራተኞቹን ጨብጦ ሰላም አለ። ጣት የጎደለው እጅ በጨበጠበት ቤት ምንም ሳይጠይቅ ወጣ። የሁሉም ሰው ጣት የሞላበት ቤት ሲያገኝ ግን የመጋዙን ስም ጠየቀ። «ብርቱ» ነው አሉት፤ ሰማያዊ ቀለም ያለው። እሱን ገዛ።

ሦስቱ መጋዞች ጎን ለጎን ሲቆሙ ለበዓል የተለያየ ቀለም ልብስ የተገዛላቸው የአንድ ቤት ልጆች ይመስሉ ነበር።

በአባቴ ቤት አንድ ልማድ አለ። አዲስ መጋዝ ሲገባ መጀመሪያ የስለቱ ክዳን ይፈታል፤ ተፈቶም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ተመልሶም አይገጠም። ከዚያ የቤቱ ጌታ ኩታቸውን ለብሰው ይመርቁና የመጀመሪያውን እንጨት ራሳቸው ይቆርጣሉ።

እንድሪስና ካሳው ክዳኑን መፍታት ጀመሩ። ሙሄ እጁን አልዘረጋም።

«ጋሼ፣ እነዚያ ጣታቸው የሞላው ሰዎች ክዳኑን ሳይፈቱ ነው የሚሠሩት። በአይኔ አይቻለሁ። ይህ ነገር ቢቆይስ?»

እንድሪስ ሳቀበት። «ለጣቱ የሚፈራ ልብስ ሰፊ ጋ ይቀጠር!»

«ክዳኑ መስመሩን ይጋርዳል» አለ ካሳው።

አባቴም «ስለቱን ያላየሁትን መጋዝ እንዴት አድርጌ ልመርቀው?» አሉ። ሙሄ አጎንብሶ የራሱን ክዳን ፈታ።

ልሰቅላቸው ሳነሳቸው ክዳኖቹ ተደባልቀውብኝ ነበር። የማን የማን እንደሆነ ለመለየት እየለካሁ ብሞክር የቀዩ አረንጓዴው ላይ ገጠመ፤ የአረንጓዴው ሰማያዊው ላይ ገጠመ። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛዎቹ ሥር አየሁ። ብረቱ ላይ የወጣው ምልክት በሦስቱም አንድ ነው።

«አባባ፣ ሦስቱም የአንድ ፋብሪካ ናቸው። የሚለያዩት በቀለምና በስም ብቻ ነው» አልኩ።

ሦስቱም ያላቸውን ጥሪት ያፈሰሱባቸው መጋዞች ናቸው። አባቴ፣ «ብረቱ ካልለያችሁ እኔ እለያችኋለሁ። ምርቃቱ ይድረስና ሰው እመርጣለሁ» አሉ።

ምርቃቱን ከታላቁ ከእንድሪስ መጋዝ ጀመሩ። «አሚን» አልን። ጣውላውን ገፉት፤ ሲያጎነብሱ የኩታቸው ጫፍ ስለቱ ላይ ወደቀ።

እንድሪስ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲታፈን ከማናችንም በፊት ሰማ፤ ዘልሎም ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ።

ስለቱ ግን ወዲያው አይቆምም። ኩታው እየተጠመጠመ አባቴን ሲጎትታቸው ካሳው ቀኝ እጁን በስለቱና በደረታቸው መካከል አስገባ። አራት ጣቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ስለቱ የአባቴንም ክንድ ቆርጦት ነበር።

ሙሄ ወደ ማሽኑ አልቀረበም። ቀበቶውን ፈትቶ የአባቴን ክንድ አሰረ፤ አዝሏቸው ሆስፒታል ድረስ ሮጠ፤ እዚያም ደሙን ሰጣቸው።

አባቴ ክንዳቸውን አጡ፤ ነፍሳቸው ግን ተረፈች። ሦስቱ አልጋቸው ሥር ቆመው ነገር ጀመሩ።

«እኔ ገመዱን ባልነቅል አንገታቸው ይገባ ነበር» አለ እንድሪስ።

«ያንተ መጋዝ አይደለም የበላቸው?» አለው ሙሄ።

«መጋዙ አንድ ነው ተብሏል እኮ! ያንተም ይበላቸው ነበር። አንተ ይልቅ አደጋውን አውቀህ ለምን ፈታኸው?»

«ጋሼ አዘዙ፤ አንተም ሳቅህብኝ።»

ካሳው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አቅፎ «እኔ አልከራከርም። ቤቱን ብትሰጡኝ በምን እጄ እሠራበታለሁ? ባትሰጡኝስ የት እሄዳለሁ?» አለ።

አባቴ ሰሙ። ቁስሉ አመርቅዞ ሊገድላቸው ሲል እጄን በቀረው እጃቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ አሁን ሰው መለየት አቃተኝ። አንቺ ተምረሻል፤ ፍረጂ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ቤቱ ከዚያ ወዲህ ተቆልፏል። ገበያው «ቀዩ መጋዝ ሰው ይበላል» እያለ ሰማያዊውን ይገዛል፤ ብናገርም የሚሰማኝ የለም። እንድሪስ ማሽን የሚጮህበት ሰፈር አይደርስም። ካሳው በግራ እጁ ሚስማር ያቃናል፤ ይህም በምጽዋት የተሰጠው ሥራ ነው። ሙሄ ሰው ሲያገኝ እጁን ሳይዘረጋ አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ሽማግሌዎቹ መጥተው «በአባትሽ ቃል መሠረት ፍረጂ፤ አለዚያ ቤቱ ለባዕድ ይሸጥ» ብለውኛል። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩበትንም ምክንያት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከሦስቱ አንዱን ከተማሪነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እሱ አያውቅም፤ አባቴም ሳያውቁ ሞቱ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታሪኩንም ስናገር እሱን ከሌሎቹ አብልጬ እንዳላነሳው ተጠንቅቄያለሁ። ቤቱን ለእሱ ብሰጠው ለልቤ አደላሁ። ለሌላው ብሰጠው እሱን በገዛ አፌ ከአገር አስወጣሁት። እሱን በዳኝነቱ ፊት እንደማንኛውም ሰው ለማየት ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም፤ የሚሆንልኝም አይመስለኝም።

እናንተ ግን ማናቸውንም አትወዱም። ስለዚህ እናንተን ልጠይቅ፤ የአባቴ ቤት የሚገባው ለየትኛው ነው?