ሽፋኑ ላይ ያሉት ሦስት ስሞች

በአንድ ወቅት፣ ስሙን ብጠራው የምታኮርፉኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የጥንት ግሪክና ሮምን ታሪክ የሚማሩ ሦስት ተመራቂዎች ነበሩ፤ ኢክራም፣ ኦብሳ እና ምንተስኖት። በአንድ ቡድን ያስቀመጧቸው መምህራቸው ዶክተር ንጋቱ ናቸው። በዚያ ዓመት የትምህርት ክፍሉ ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በረዳት መምህርነት እንዲያስቀር ተፈቀደለት። ዶክተር ንጋቱም «ቦታው ከሁሉ የበለጠ ጥናት ላቀረበ ነው» ብለው ቃል ገቡ።

ለኢክራም ነገሩ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባቷ ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍተው እየጠበቋት ነው። «ግሪክ ግሪክ ስትይ ከረምሽ። ካልቀጠሩሽ መጥተሽ ባንኮኒው ጋ ትቀመጫለሽ» ብለዋታል። እሳቸው ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

የቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ታውቁታላችሁ። አንዱ ዓይኑ እስኪቀላ ይሠራል፣ የቀሩት «ስሜን እንዳትረሱ» ይላሉ፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል ይታደላል። ይህን ዘዴ የፈለሰፈው ሰው አንድ ቀን ከሰነፎች ጋር በአንድ ቡድን ይመደብ እንጂ ሌላ የምለው የለኝም።

መጀመሪያ ኦብሳ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች በሙሉ ከታላላቆቻቸው የወረሱትን ሀንድአውት ይዘው ስለ አቴና ዴሞክራሲ ሊጽፉ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ኦብሳ ካምፓሱ ሣር ላይ ተጋድሞ፣ የኢክራም እናት የላኩትን በሶ እየበላ፣ ያንኑ ሀንድአውት ያነብ ጀመር። እዚያ ላይ የአቴና ሰዎች ያመፀችባቸውን የሚቲሊኒን ከተማ ወንዶች በሙሉ ለማስገደል ወስነው መርከብ ይልካሉ። በማግስቱ ይጸጸታሉ። አንድ ተናጋሪ ተነስቶ ይከራከርና ውሳኔው ይሻራል፤ ምሕረቱን የያዘ ሁለተኛ መርከብ ይላካል። ቀዛፊዎቹ የገብስ ዱቄት በወይንና በዘይት ለውሰው እየበሉ፣ በየተራ እየተኙ፣ መርከቡን ሳያቆሙ ቀዝፈው ግድያው ሊጀመር ሲል ይደርሳሉ።

ኦብሳ እጁ ላይ ያለውን የበሶ ጭብጦ አየት አደረገና «ይሄ እኮ በሶ ነው» አለ። «ስለ ተናጋሪው ሁሉም ይጽፋል። ከተማዋን ያዳኗት ግን በሶ እየዋጡ የቀዘፉት አይደሉም እንዴ? ስለ እነሱ እንጻፍ።» ይህን ብሎ በሶውን ጨረሰና ወደ ከረምቡላው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጥናቱን በጣቱ አልነካውም።

ቀጥሎ ኢክራም ናት። የሚያስፈልጋት መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም፤ ስለዚህ እሷ ከቤተ መጻሕፍት አልወጣችም። ቀዛፊው እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ተኝቶ የሚነሳው በማን ተራ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ አንዱን ከአንዱ እያመሳከረች ጻፈች። ጽፋ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ምንተስኖትን አግዘኝ ብትለው «አንቺ ትችያለሽ እኮ» ይላታል። በዚህች ሙገሳ ስንት ትጉህ ሰው በቁሙ እንደተቀበረ እኔ አውቃለሁ። ጥናቱ አልቆ ሽፋኑ ላይ ስትደርስ የራሷን ስም ጻፈችና እጇ ቆመ። ስግብግብ ናት ቢሉኝስ ብላ ፈራች። ይሉኝታ ያዛትና የሁለቱንም ስም ጨመረች። ወዲያው በራሷ ተናደደች፤ ግን አልሰረዘችውም።

ሦስተኛው ምንተስኖት ነው። ጥናቱን ማንበብ የጀመረው በሚያቀርቡበት ዕለት ጠዋት፣ ቁርስ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ በእንግድነት የተጋበዙት ፈታኝ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ይሄ የተማሪ ሥራ አይደለም። ከየት ነው የገለበጣችሁት?» አሉ። መገልበጥ ደግሞ ያስወድቃል፤ መመረቅም ይቀራል።

ኢክራም ደሟ ፈላ። የለፋችበትን ሁሉ በአንድ ቃል ስርቆት አደረጉባት። «ሳያነቡ ነው የሚፈርዱት?» ብላ በሩን ወርውራ ዘግታ ወጣች። ኦብሳ አንገቱን ደፋ። ምንተስኖት ግን ተነሳና «ከፈለጉት ገጽ ይጠይቁኝ» አለ። ፈታኙ ጠየቁ፣ እሱ መለሰ፤ እሳቸው አጥብቀው ያዙት፣ እሱ አልተንገዳገደም። በመጨረሻ «የመጀመሪያው መርከብ ቀድሞ ተነስቶ ለምን ቀድሞ አልደረሰም?» አሉት። «ሰው ለማስገደል የሚቀዝፍ ሰው ክንዱ ይከብደዋል» አለ። ቃሉ የኢክራም ነው፤ ያን ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የተናገረው ግን እሱ ነው። ጥናታቸው ከሁሉ የበለጠውን ውጤት አገኘ።

ዶክተር ንጋቱ ሦስቱን ቢሯቸው አስጠሩ። «ቦታው የዚህ ጥናት ነው። ስሞቹ ሦስት ናቸው። ተስማምታችሁ አንድ ስም ንገሩኝ፤ ካልተስማማችሁ ለጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ይሰጣል» አሏቸው።

«እርስዎ ማን እንደሠራው አያውቁም?» አለች ኢክራም።

«የማውቀው ሽፋኑ ላይ ያለውን ነው» አሉና ወደ ኮሪደሩ አስወጧቸው። መምህር ናቸውና አከብራቸዋለሁ፤ ፍርዱን ግን ከራሳቸው ላይ አራግፈው ተማሪ ላይ ነው የጣሉት።

ኮሪደሩ ላይ ኢክራም ወደ ሁለቱ ዞረች።

«እኔ ያልሠራችሁትን የእናንተን ስም ጽፌያለሁ። ዛሬ እናንተ የሠራሁትን የእኔን ጥሩ።»

«የእኔን ስም ባትጽፊ ኖሮ፣ አንቺ በሩን ወርውረሽ ስትወጪ ማን ይመልስላቸው ነበር?» አላት ምንተስኖት። «ለፍተሻል። ግን ልፋትሽን ጥለሽው ሄድሽ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ኦብሳ ግድግዳውን እንደተደገፈ «እኔ ሰነፍ ነኝ፣ አልክድም» አለ። «ያቺን ሐሳብ ባላመጣ ግን አንቺም እንደ ሌላው የአቴናን ዴሞክራሲ ጽፈሽ ትገቢ ነበር። እሱም ቆሞ የሚከራከርለት ነገር አይኖረውም።»

ኢክራምን እንዲህ ያንገበገባት ሁለቱም አለመዋሸታቸው ነው። ቢዋሹ ኖሮ ቀላል ነበር። በሌላ በኩል አባቷ ባንኮኒው ጋ ወንበር አዘጋጅተዋል፤ ስንት ቀን ፀሐይ ሳታይ የዋለችውም እሷ እንጂ እነሱ አይደሉም።

የቢሮው በር ተከፈተ። ዶክተር ንጋቱ ቦርሳቸውን ይዘዋል፣ ሊሄዱ ነው። «እሺ፣ የማንን ስም ልያዝ?» አሉ።

ሦስቱም ተያዩ እንጂ አንዳቸውም አልተናገሩም። እኔም ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ስናገር ቆይቼ የተናደድኩት ይበቃኛል። እናንተ ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ቁሙና ንገሩኝ፤ ሐሳቡን ላመጣው ነው፣ ለለፋችበት ነው፣ ወይስ ሊቀበር ሲል ላዳነው? ቦታው የሚገባው ለማን ነው?