እጇን ከጀርባዋ ያደረገችው ተማሪ

አንድ የጡንቻ በሽታን የሚመራመሩ መምህር ነበሩ። የዶክትሬት ተማሪ ሲመጣላቸው ቶሎ ማይክሮስኮፕ አያስነኩም። መጀመሪያ የሚሰጡት ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ነው። "ቅዳሜ ቅዳሜ ታማሚዎቹ ቤት ሂድ፤ ከወንበር ለመነሳት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅባቸው ጻፍ" ይላሉ። ስንት መጽሐፍ አገላብጦ የመጣ ተማሪ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል። እኔ ግን እኚህን ሰው የማደንቃቸው ከዚሁ ጀምሮ ነው። ጡንቻ መስታወት ላይ ከመቀመጡ በፊት የሰው እንደነበር ተማሪው እንዲያውቅ ይፈልጋሉ።

ከተማሪዎቻቸው አንዷ ትርሲት ትባላለች። ስምንት ታማሚዎች ደረሷት። ከስምንቱ በጣም የቀረበቻቸው አቶ ዘርጋው፣ ሠላሳ ዓመት ኮትና ሱሪ የሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሽታው ጭናቸውንና ትከሻቸውን ቀስ በቀስ እያደከመው ነበር። አዲስ መድኃኒት ተጀመረላቸውና ትርሲት ሰዓቷን ይዛ ሁለት ዓመት ተመላለሰች። ለመነሳት ዐሥራ አራት ሰከንድ ይፈጅባቸው የነበረው ወደ ዘጠኝ ወረደ። የሌሎቹም እንደዚያው ቀነሰ። የአቶ ዘርጋው ቤተሰብ እልል አለ። ትርሲትም የመመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ ላይ ሠራች። ልታቀርበው ሦስት ሳምንት ሲቀራት መምህሯ አንብበው ጠሯት።

"ከታማሚዎቹ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየሽው ጡንቻ እየሳሳ ሄዷል። ሰዎቹ ግን ፈጥነዋል። እንዴት ሆኖ?"

"እኔም አልገባኝም፣ ፕሮፌሰር።"

"እንግዲያው ሳይገባሽ አታቅርቢ" አሏት።

ቅዳሜ ወደ አቶ ዘርጋው ሄደች። ሽማግሌው ከወንበሩ መነሳት ሲጀምሩ እንደ ልማዷ "አይዞዎት ጋሼ፣ አይዞዎት" አለች። ድንገት ግራ እጇን አየችው። ክርናቸው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይደግፋል። ማንም አላዘዘውም። በእኛ አገር ሰው ለመነሳት ሲታገል እያየ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ከየት ይገኛል? መጀመሪያ ሰሞን ከታማሚዎቹ ጋር ስለማትተዋወቅ እጇ አልተዘረጋም ነበር። እየተላመዱ ሲሄዱ እጇም ቀረበ፣ ሰከንዱም ቀነሰ። የሠራው መድኃኒቱ ሳይሆን ዝምድናው ነበር። የስምንቱንም ክርን ስትደግፍ መክረሟን አሁን አስታወሰች።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። እናቷ ለምርቃቱ ዘመድ አዝማድ ጠርተው ጨርሰዋል። ሆኖም ሰኞ ጠዋት መምህሯ ቢሮ ገብታ ሁሉን ተናገረች።

"ሌላ ያየ ሰው አለ?" አሏት።

"የለም።"

"ታዲያ ለምን ነገርሽኝ?"

"ነገ አንድ ሐኪም በእኔ ቁጥር ተማምኖ ይህንን መድኃኒት ለማላውቀው ሰው ያዛል። እዚያ ሰው ቤት የእኔ እጅ የለም።"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ከመጀመሪያው ልትለኪ ነው። አንድ ዓመት ይወስድብሻል።"

"አውቃለሁ።"

"ለአቶ ዘርጋውም የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ" አሏት። ይሄኛው ከዓመቱ ይልቅ ከበዳት።

አቶ ዘርጋው ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ድነው ወደ ስፌት መኪናቸው የሚመለሱ መስሏቸው፣ የተሸፈነውን ሲንጀር አስወልውለው ነበር። ከዚያ ግን እንዲህ አሉ። "ክርኔን ስትይዢኝ ይታወቀኛል። ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፣ ልጄ። ሜትር ሲያይ ሆዱን የማይስብ ወንድ አላጋጠመኝም። ደስ ይበለው ብዬ በሳበው ልክ ብሰፋለት፣ ሱሪው ሠርጉ ላይ ይተረተራል። በይ እኔም ሆዴን ልልቀቀው፣ እንደገና ለኪኝ።"

ትርሲት ሰዓቱን በቀኝ እጇ ያዘች፤ ግራ እጇን ከጀርባዋ አደረገች። ሽማግሌው ተንቀጠቀጡ፣ አላባቸው፣ ተነሱ። ዐሥራ ስድስት ሰከንድ። ሰዓቱን አቁማ ቁጥሩን ከጻፈች በኋላ "አይዞዎት ጋሼ" ብላ በሁለት እጇ አቀፈቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

ዓመት ቆይታ ያቀረበችው ጽሑፍ፣ ያ መድኃኒት ለዚያ በሽታ እንዳልሠራ የሚናገር ነበር። ምርቃቷ ላይ የለበሰችውን ኮት የለኩላት አቶ ዘርጋው ናቸው፤ ተቀምጠው እየለኩ "ትንፋሽ አትያዢ" ይሏት ነበር። ከእሷ በኋላ የመጣው ተማሪ ምርምሩን ከእውነተኛው ቦታ ጀመረ። ዛሬም የዚያ መምህር ተማሪዎች ታማሚ ሲለኩ አንድ እጃቸውን ከጀርባቸው ያደርጋሉ። የማያውቃቸው ሰው ጭካኔ ይመስለዋል። እነሱ ግን እርስ በርስ የሚባባሉት ነገር አለ፦ አይዞህ የሚባለው ሰዓቱ ከቆመ በኋላ ነው።

የምንወደውን ሰው መደገፍ ደግ ነው። ግን ድጋፋችን ሕመሙን ከደበቀው መድኃኒቱን የሚፈልግለት አይኖርም። እናንተስ፣ ልጃችሁን ወይም ተማሪያችሁን ስትመዝኑ ግራ እጃችሁ የት ነው ያለው?