ለስሙ የተተወ ቦታ

አንድ ጸሐፊ ነበረ። በብራና ላይ የሚጽፍ፣ በአገሩ ሁሉ እጁ የተመሰከረለት።

ፍሬገነት ልጄ፣ ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም። «አብራኝ ለምትሠራው ልጅ የሚታያት እግዚአብሔር ለእኔ ለምን አይታየኝም?» ነው ያልሽኝ። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ጸሐፊው የሚኖረው በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበር። ሲጽፍ የቀደሙትን ጸሐፍት ልማድ ይከተላል። በጥቁር ቀለም ይጀምርና የእግዚአብሔር ስም የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ስሙን አይጽፈውም። ስሙ የሚጻፈው በቀይ ቀለም ስለሆነ፣ ለስሙ የሚበቃ ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። መጽሐፉ በጥቁሩ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ይመርጣል። ከዋዜማው ጀምሮ ይጾማል፤ ሲነጋ ገላውን ታጥቦ ነጭ ይለብሳል፤ አዲስ የመቃ ብዕር ቀርጾ ቀዩን ቀለም ይበጠብጣል። በዚያ ቀን ከማንም ጋር ሳይነጋገር የተተወውን ቦታ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በስሙ ይሞላዋል። ያንን ቀን «የቀዩ ቀን» ይለው ነበር። የመንደሩ ሰው በዚያ ቀን በደጁ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጸሐፊው ይህን ከውስጥ ሆኖ ይሰማል፤ ደስም ይለዋል።

ነገር ግን ለማንም ያልነገረው አንድ ቁስል ነበረበት። ስሙን ስንት ሺህ ጊዜ ጽፏል፤ ባለስሙን ግን አንድም ቀን በአጠገቡ አላገኘውም። «ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ጎረቤቱ ባይኖር ኖሮ እንደተጽናና ይሞት ነበር።

ጎረቤቱ ብራና የሚፍቅለት ሰው ነው። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ፣ ጸጉሩንና ሥጋውን ፍቆ፣ በድንጋይ አለስልሶ ያመጣለታል። ፊደል አያውቅም። ልብሱም ቤቱም ፍየል ፍየል ይሸታል። ይህ ሰው ብራናውን ባመጣ ቁጥር አንድ ወሬ አያጣም።

«መሪጌታ፣ ዛሬም አየሁት።»

«ማንን?»

«እግዚአብሔርን ነዋ!»

«የት አየኸው ደግሞ?»

«ነፋሱ መወጠሪያዬን ገልብጦት ቆዳው ጭቃ ሊነካ ሲል፣ ያ ስድስት ወር ሙሉ የተጣላኝ ጎረቤቴ በአጥር ዘሎ ያዘልኝ።»

«እና የያዘልህ ሰውየው ነው እንጂ እግዚአብሔር ነው?»

«ሰውየውማ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። አውቀዋለሁ እኮ!»

ሰውየው እየሳቀ ይሄዳል። ጸሐፊው ግን ብዕሩን እንደያዘ ይቀራል። አንድ ጊዜ ከዚህ ዓይነት ወሬ በኋላ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፎ ተገኘ። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር ዘለለ። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ተማሪ ሳለ እንኳ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ የምጾመው» ይላል ለራሱ። «ስሙን የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ ከነጋ ጀምሮ ጮማ ሲፍቅ ይውላል። ታዲያ እሱ ዘንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» ይህን የሚለው ስለ እግዚአብሔር ነበር። ሰው ሌላ ቤት በሚያመሽ ወዳጁ እንደሚቀና፣ እሱም እንደዚያ ቀና።

ሰውየው የደበቀው ጸሎት ቢኖር ብሎ በአጥሩ ቀዳዳ ይሰልለው ጀመር። ያየው የሚያበሳጭ ነገር ነው። ሰውየው ይፍቃል፤ ከሚስቱ ጋር ይቃለዳል፤ አንዳንዴ ቢላዋውን አስቀምጦ ወደ አንድ ነገር ትክ ብሎ ያያል። ጸሐፊውም በቀዳዳው ወደዚያው ያያል። የሚታየው የቆመች አህያ ነው፣ ወይም ውኃ ለማያውቁት ሰው የምታቀብል ሴት። ሌላ ምንም የለም።

አንድ ቀን ሰውየው አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«መሪጌታ፣ አንድ ልመና አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መጽሐፍ ብራና ስፍቅ ኖርኩ፣ ቤቴ ግን አንድም መጽሐፍ የለም። ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ ብትጽፍልኝ? ብራናውን ራሴ አዘጋጃለሁ።»

«ምን ያደርግልሃል? አታነብ!»

«ቤቴ እንዲሆን ነው። ባላነበውም እይዘዋለሁ።»

ጸሐፊው እሺ አለ። በጥቁሩ ቀለም አሳምሮ ጻፈው። ከዚያ የቀዩ ቀን ደረሰ። ጾሞ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ቀለሙን በጥብጦ ተቀመጠ። ብዕሩን ነክሮ ወደ መጀመሪያው ባዶ ቦታ ሲያቀርብ፣ ከአጥሩ ማዶ የሰውየው ሳቅ ተሰማ። እጁ ቆመ።

«ከዚህ በላይ ምን ልስጠው?» አለ። «እሱን ራሱን ወስዶብኛል፤ ስሙን ደግሞ በእጄ ልጨምርለት?»

ብዕሩን ጠረገው። መጽሐፉን እንዳለ በቆዳ ደጎሰውና በማግስቱ ሰጠው።

ሰውየው መጽሐፉን ተቀብሎ ሳመው፤ ቀስ አድርጎ ገለጠው። ብራና የሚያውቅ ዓይን ነውና ወዲያው አየ።

«መሪጌታ፣ እዚህ እዚህ ቦታ ላይ ያልተጻፈው ምንድን ነው?»

ጸሐፊው ውሸት መናገር አልፈለገም። እውነቱንም ሊናገር አልደፈረም።

«ለእግዚአብሔር ስም የተተወ ቦታ ነው» አለ።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ቦታም ይተውለታል? ደግ ነገር» ብሎ ሄደ። ጸሐፊው ከኋላው እያየ «እስቲ አሁን እየው!» አለ በሆዱ።

ዓመት አለፈ። ሰውየው እንደ ቀድሞው ብራና ያመጣል፤ ወሬውም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰበት። ጸሐፊው አሁን ቀኑን ሙሉ ለሰውየው ሳቅ ጆሮውን አቁሞ ይውላል። ሌላ መጽሐፍ ጽፎ መጨረስ አቃተው።

ከዕለታት በአንዱ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሰውየው ያለ ብራና ባዶ እጁን መጣ።

«ሚስቴ ታማለች። ሦስት ቀኗ ነው፣ ውኃም አይወርድላት። እባክህ መሪጌታ፣ ያቺን መጽሐፍ አንብብላት። በገዛ እጅህ የጻፍካት ናት።»

የቆሙት በደጁ ላይ፣ ሰው በሚያልፍበት ነበር። እምቢ ለማለት አልተመቸም። ጸሐፊው ሄደ።

ሴትየዋ መደብ ላይ ተኝታለች። ፊቷ ተጎድቷል፤ ጨዋታዋ ግን አልተጎዳም። «መሪጌታ፣ አፍንጫህን ያዝ እንጂ» አለችው፣ «ቤታችን መሽተቱን እናውቃለን።» ጸሐፊው ከአጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠና መጽሐፉን ገለጠ። ደነገጠ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ወዝ ያረፈበት የጣት አሻራ አለ። ሁለተኛውም ላይ አለ። ገጹን ገለበጠ፤ እንደዚያው ነው።

«ይህን ምን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሰውየው አፍሮ። «ያኔ ቦታው የእሱ ነው አልከኝ። እኔም ቀኑም እንደ መጽሐፉ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለእሱ የተተወ ቦታ ሳይኖረው አይቀርም። እናም ከሥራዬ ላይ ሆኜ ስፈልገው እውላለሁ። ያየሁት ቀን እገባና፣ በተራው ቦታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ስሙን እጠራለሁ። እጄ ጮማ ነው፤ አበላሸሁት መሰለኝ።»

ጸሐፊው ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ስሙ ጠፍቶበት አልነበረም፤ በገዛ እጁ የነፈገውን ስም በአፉ ሊለው አልቻለም። ሰውየው ግን ዓይኑ የጸሐፊው ጣት ላይ ነበር። ጣቱ ባዶው ቦታ ላይ ሲያርፍ አየና፣ «እግዚአብሔር» አለ። ጸሐፊው ቀጠለ። ሁለተኛው ቦታ ጋ እንደገና ቆመ። አሁን ሴትየዋ ቀደመች። «እግዚአብሔር» አለች በደከመ ድምፅ።

እንዲህ እየተባባሉ ሦስት ገጽ ሄዱ። በአራተኛው ጸሐፊው መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«የበደልኳችሁ ነገር አለ። ይህ መጽሐፍ አላለቀም። ስሙን ልጽፍበት ይገባ ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ቀናሁባችሁ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አሻራዎቹን አየ። 

«እንግዲያው ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር።»

«እኛስ ባዶ አድርገን አልያዝነውም» አለች ሴትየዋ ከመደቡ።

ጸሐፊው ተነሣ። «እወስደውና፣ ጾሜ፣ የቀዩ ቀን ሲደርስ…»

«ዛሬ የማን ቀን ነው?» አለችው።

ጸሐፊው ሮጦ ቀዩን ቀለም ከቤቱ አመጣ። ሳይታጠብ፣ ነጭ ሳይለብስ፣ በዚያ የፍየል ሽታ መካከል ብዕሩን ነክሮ በመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈ። ቀለሙ አልያዘም። ወዝ የጠጣ ብራና ቀለም አይቀበልምና፣ ቀዩ እንደ ጤዛ ተንከባሎ ወደ ዳር ወረደ። ሁለተኛውን ሞከረ፤ ያም እምቢ አለ። ዕድሜውን በብራና ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ምክንያቱን ያውቃል። በድንጋይ ቢፈገፍገው ወዙ እንደሚለቅም ያውቃል። ጎረቤቱ ብራና የሚያለሰልስበትን ድንጋይ አንሥቶ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ የሰውየውን አሻራ ተመለከተና ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠው።

«ይህ ቦታ ተይዟል» አለ፤ አለቀሰም።

ሰውየው መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ጣቱ ያልደረሰበትን ገጽ ገልጦ መለሰለት።

«ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ ሙላው። ግን ባንድ ቀን አይሆንም። ያየኸው ቀን አንድ፣ ያየኸው ቀን አንድ።»

ጸሐፊው ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀለሙን ይዞ በየማታው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ቀን መጥቶ ሳይጽፍ ተመለሰ፤ ያየው ነገር አልነበረምና። ሁለተኛውም ቀን እንደዚሁ። ሦስተኛው ቀን ሰውየው ያኔ በአጥሩ ቀዳዳ የታየችውን የአህያዋን ነገር ሲያወራለት የጥንቱ ቅናት ተነሣበትና ቀለሙን ይዞ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሲመጣ፣ ሴትየዋ ከተኛችበት ተነሥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ በርጩማውን በእጇ እየጠረገችለት ነው። በየቀኑ ከመምጣቱ አስቀድሞ ይጠረግ ነበርና፣ እስካሁን ማን እንደሚጠርገው አስቦም አያውቅም። የበደላቸው ሰዎች በየቀኑ መቀመጫ ያዘጋጁለት ነበር።

ጸሐፊው በርጩማውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ገለጠ፤ የመጀመሪያውን ቀይ ስም ጻፈ። ጽሑፉ አላማረም። በሕይወቱ ከጻፋቸው ስሞች ሁሉ መልከ ጥፉው እሱ ነው፤ ለሰው ሲያሳይ ግን ጣቱ የሚሄደው ወደዚያ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ጸሐፊው አንቺ ነሽ።

«ጥያቄ አለኝ» ብለሽ ነው የመጣሽው። የልጅቷን ስም ስትጠሪ ግን ድምፅሽ ተለወጠ። መድኃኒት ቤት አንድ መስኮት ላይ አብራችሁ ትውላላችሁ፣ የሚመጣውም በሽተኛ አንድ ነው። ማታ እሷ «ዛሬ እግዚአብሔር እንዲህ አደረገ» ትላለች፤ አንቺ ደግሞ «እኔ ነኝ የምጾመው፣ እኔ ነኝ ኪዳን የማደርሰው» ብለሽ ታመሻለሽ። ስድስቱን ቀን በጥቁሩ ትጽፊያለሽ፣ ቦታውን እየዘለልሽ፤ ቀዩን ለእሑድ ታስቀምጫለሽ። እሑድ ነጭ ለብሰሽ ትመጪና ስትፈልጊው፣ እሱ ማክሰኞ መስኮትሽ ላይ ቆሞ እንደነበር አታውቂም። ቦታውን ግን ማንም አልነሣሽም፤ የእሷ መሙላት የአንቺን አላጎደለውም። በአጥር ቀዳዳ የእሷን ገጽ ስታነቢ ነው የራስሽን መስመር የዘለልሽው።

ቅናትሽ ዛሬ አይለቅሽም። ጸሐፊውንም በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ነገ ጠዋት ግን ሥራ ስትገቢ፣ እንደተለመደው አስቀድማ ገብታ የአንቺን ወንበር ጠርጋልሽ እንደሆነ እዪ። ጠርጋልሽ ከሆነ፣ ጣትሽን እዚያ ላይ አስቀምጪና ስሙን ጥሪ።