ምን ጎደለኝ የተባለውን ውሻ ማን ይያዝልኝ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ጆሮ የተረፈው ጆሮውን ያውሰኝ፤ ሥራ የያዘም እየሠራ ይስማ።

አንዲት የእንስሳት ሐኪም ነበረች፤ ስሟ ምንታምር ነው። ክሊኒኳ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩት ሱቆች መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግና ላም የሚታከምበት ሌላ ቦታ አለ። እሷ የምታክመው ውሻና ድመት ነው፤ አልፎ አልፎም ጥንቸል ይመጣላታል። ስለዚህ ሰፈሩ "የውሻ ዶክተሯ" ይላታል። ሲያልፉ "እንደምን ዋልሽ" ይሏታል፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ አይመጣላትም፤ ዓይን አፋር ናት። በሽተኛ የሌለ ቀን በሯ ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። በሽተኛ ያለ ቀን ከበሽተኛው ጋር ታወራለች፤ እሱም ባይመልስላት አይከፋትም። ረዳቷ ዘርፌ እናቷን ልታስታምም አገር ቤት ከሄደች ወዲህ ግን፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ምንታምርን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ላቀው የሚባሉ ሽማግሌ የእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ። ጋሪው ላይ ጆንያ ተነጥፏል፣ ጆንያው ላይ ቡናማ ውሻ ተኝቷል።

"ስሙ ማን ነው?" አለች ምንታምር።

"ምን ጎደለኝ።"

"ጋሼ፣ የውሻውን ስም ነው እኮ።"

"የውሻውን ነው የነገርኩሽ።"

ምንታምር ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ሰፈር ለጎረቤት የሚነገር ክፉ ነገር ሲኖር ፊት ለፊት አይነገርም። ቡችላ ይገዛና ነገሩ ለቡችላው ስም ይሆናል፤ ከዚያ ማታ ማታ አጥር ሥር ቆሞ ጮክ ብሎ መጥራት ነው። የተባለው ሰው ይሰማል፤ ቡችላው ግን ስሙ እንደሆነ እንጂ ሌላ አያውቅም።

ውሻው ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ነው ያደረው። ድዱ ነጥቷል። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ ብትለቀው ቶሎ አልመለስ አለ፤ በሰውነቱ ውስጥ ውሃ አልቀረም።

"ግሉኮስ ካልገባለት እስከ ማታ አይቆይም፣ ጋሼ" አለች።

ግሉኮስ ለማስገባት አንድ እጅ ደም ሥሩን ይጫናል፣ አንድ እጅ መርፌውን ይይዛል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ውሻውን ደግፎ ይይዛል። ምንታምር ያሏት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። ጋሽ ላቀው "እኔ ልያዘው" አሉ። ያዙትም። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ውሻው ተንቀጠቀጠ፣ ውሻው ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ መርፌው ሳተ። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ሳተ።

እንግዲህ ምንታምር የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። እጁ የማይንቀጠቀጥ አንድ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ።

"መጣሁ፣ ጋሼ" ብላ ወጣች። በዚያ ረድፍ እስካሁን የማንንም በር አንኳኩታ አታውቅም። ጎረቤቷ ያለው ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ገባች።

"ጋሼ፣ አንድ ውሻ ይያዙልኝ።"

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ውሻ? ልጄ፣ መያዙን እይዝልሽ ነበር፤ ሐር ሳይንቀጠቀጥ የሚይዝ እጅ ነው ያለኝ። ግን ምራቁ ከነካኝ ለሶላት መታጠብ አለብኝ፤ ቧንቧው ደግሞ ይኸው ደርቋል። ውሃ አምጪልኝ፣ ውሻሽን እይዛለሁ።"

ሸምሱ ያለ ውሃ አልይዝም አሉ፤ መርፌው ደም ሥር አልገባም አለ፤ ምን ጎደለኝ አልነሣም አለ።

ምንታምር ውሃ ፍለጋ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ወደ ምናሴ ሄደች። ምናሴ የሞተ የጸጉር ማሽን በእጁ ይዞ ቆሟል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ በስተቀኝ ሲያዩት ሙሽራ፣ በስተግራ ሲያዩት ባሕታዊ ይመስላል።

"ምናሴ፣ ከበርሜልህ ትንሽ ውሃ ስጠኝ፤ ለጋሽ ሸምሱ ነው።"

"የቀረችው ውሃ የዚህን ሰው ራስ ማጠቢያ ናት፣ ዶክተር። ጸጉሩ ካለቀ አጥቤው፣ የተረፈው ያንቺ ነው። ግን መብራት ጠፍቶ እንዴት ይለቅ? መብራት አምጪልኝ፣ ውሃ እሰጥሻለሁ።"

"ዶክተር፣" አለ ደንበኛው ከመስታወቱ ውስጥ እያያት፣ "ውሻውን ስታድኚ እኔንም አድኚኝ። እንዲህ ሆኜ ቤት ብገባ ልጆቼ ይደነግጣሉ።"

ምናሴ ያለ መብራት ውሃ አልሰጥም አለ፤ ሸምሱ ያለ ውሃ አልይዝም አሉ፤ መርፌው ደም ሥር አልገባም አለ፤ ምን ጎደለኝ አልነሣም አለ።

መብራት ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ጄኔሬተሩ ከሩቅ ይጮሃል። የዚያን ቀን የሚፈጨው በርበሬ ስለነበር ምንታምር ገና በሩ ላይ ስትደርስ አስነጠሳት። ባለወፍጮው ባሕሩ ቅንድቡ ሳይቀር ቀልቷል።

"መብራት!" አለች።

"ምን?"

"መብራት! ለምናሴ!"

ባሕሩ ወደ ደጅ ወጣላት። "ገመድ አለኝ፣ እስከ ምናሴ ድረስ ይደርሳል። ግን ይቺ ጄኔሬተር ሁለት ሥራ አትችልም። ወፍጮው ከቆመ መብራት ትሰጣለች። ወፍጮውን ደግሞ ዝም ብዬ አላቆምም፤ እትዬ አስካለ ተራቸውን ጠብቀው ያስገቡት በርበሬ ነው። እሳቸው 'ይቁም' ካሉ ይቆማል።"

ባሕሩ ያለ አስካለ ፈቃድ ወፍጮ አላቆምም አለ፤ ምናሴ ያለ መብራት ውሃ አልሰጥም አለ፤ ሸምሱ ያለ ውሃ አልይዝም አሉ፤ መርፌው ደም ሥር አልገባም አለ፤ ምን ጎደለኝ አልነሣም አለ።

እትዬ አስካለ እዚያው ወፍጮ ቤት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ወፍጮው ለጥቂት ጊዜ ይቁምልኝ። አንድ ውሻ ሊሞትብኝ ነው።"

"የማን ውሻ?"

"የጋሽ ላቀው።"

እትዬ አስካለ ነጠላውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። "ያ ምን ጎደለኝ የሚሉት? አይቆምም! እናንተ ልጆች ነገሩን አታውቁም። ሚስቱ ያረፈች ጊዜ ምሳውን በየቀኑ እልክለት ነበር። ሳህኔን በየቀኑ ባዶውን ይመልሰዋል። ሰው የጎረቤት ሳህን ባዶውን ይመልሳል? ምንም አላልኩም፤ ወንድ ብቻውን ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ለሴቶቹ 'ምስኪን፣ ቤቱ ባዶ ቀረ' ብዬ ባዝንለት፣ ሰማና ቡችላ ገዛ። ስሙን ምን ጎደለኝ አለው! ይኸው በየማታው አጥሬ ሥር ቆሞ 'ምን ጎደለኝ! ምን ጎደለኝ!' ይላል። እራቴን ብቻዬን ነው የምበላው፣ ልጄ። ብቻውን የሚበላ ሰው ሁሉን ይሰማል።"

"እትዬ፣ ውሻው ምን አጠፋ?"

"ውሻውማ ምን ያጠፋል። በውሻ አፍ የነገረኝን እሱ በራሱ አፍ ይመልሰው። ይምጣና የጎደለው ነገር እንዳለ ይንገረኝ። ያኔ ወፍጮው ይቆማል።" ከዚያ ቀና ብለው አይዋት። "አንቺ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?"

"በርበሬው ነው" አለች ምንታምር። ግማሹ እውነት ነበር።

አስካለ፣ ላቀው ካልመጣ አልፈቅድም አሉ፤ ባሕሩ ያለ አስካለ ፈቃድ ወፍጮ አላቆምም አለ፤ ምናሴ ያለ መብራት ውሃ አልሰጥም አለ፤ ሸምሱ ያለ ውሃ አልይዝም አሉ፤ መርፌው ደም ሥር አልገባም አለ፤ ምን ጎደለኝ አልነሣም አለ።

ምንታምር እየሮጠች ተመለሰች። ጋሽ ላቀው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ውሻው ጆሮ ላይ አድርገው ጎንበስ ብለዋል። የውሻው ትንፋሽ አጥሯል። ነገሩን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው፤ ስለ ጋሽ ሸምሱ ውሃ፣ ስለ ምናሴ መብራት፣ ስለ ባሕሩ ወፍጮ፣ ስለ እትዬ አስካለ በርበሬ፣ ስለ ሳህኑም።

"አስካለ!" አሉ ጋሽ ላቀው በቁጣ። "ሂጄ የሷን ደጅ ልጥና? አላደርገውም! ቤት አለኝ፣ ሬዲዮ አለኝ፣ እኔ ምን ጎደለኝ!"

ውሻው ስሙን ሲሰማ ጆሮውን አነሣ። ጅራቱን ሊቆላ ሞከረ። ጅራቱ ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ ተነሣና ወደቀ።

ጋሽ ላቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ይሄ ከሞተ፣ ማታ ማንን እጠራለሁ?" አሉ።

ምንታምርም ማታ ማታ የምትጠራው ስም የላትም።

ጋሽ ላቀው ኮታቸውን ቆለፉ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሄደው ቆሙ።

"አስካለ፣ ጎድሎኛል" አሉ።

"አልሰማሁም!" አሉ እትዬ አስካለ ከወፍጮው ጩኸት በላይ።

"ጎድሎኛል እኮ ነው የምልሽ!"

"ጮክ በል! ለውሻህ የምትጮኸውን ያህል!"

ጋሽ ላቀው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጎድሎኛል! ሰው ጎድሎኛል!" ብለው ጮኹ። በዚህ ጊዜ እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሡ፣ ባሕሩም ወፍጮውን አቆመ። ጋሽ ላቀው ግን መጮኻቸውን አላቆሙም ነበርና የቀረውን ረድፉ በሙሉ ሰማው። "ሳህንሽን ባዶውን የመለስኩት የማደርግበት አጥቼ ነው! ወጥ መሥራት አላውቅም!"

በረድፉ ያሉ ሰዎች ሁሉ ከየበራቸው ብቅ ብለዋል።

"ሞኝ!" አሉ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። "ደጅህ ላይ የሎሚ ዛፍ ቆሞልህ? ሎሚ ታደርግበት የለም? በል ፍጠን፣ ውሻህ እንዳይሞት!"

እንግዲህ ላቀው ጎድሎኛል አሉ፤ አስካለ ይቁም አሉ፤ ባሕሩ ወፍጮውን አቁሞ ገመዱን ዘረጋ፤ ምናሴ ማሽኑን አስነሥቶ ባሕታዊውን ሙሽራ አደረገ፤ ራሱን አጥቦ የተረፈውን ውሃ በባልዲ ሰጠ፤ ሸምሱ ባልዲውን ደጅ አስቀምጠው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ምን ጎደለኝንም እንደ ሐር ያዙት፤ መርፌው ገባ።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ግሉኮሱ መውረድ ጀመረ።

ያቺ ክፍል እንዲያ ሞልታ አታውቅም። ጋሽ ሸምሱ ውሻውን እንደያዙ ናቸው፤ ጋሽ ላቀውና እትዬ አስካለ ባንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ምናሴና ባሕሩ በሩ ላይ ቆመው መግቢያውን ዘግተውታል፤ በነሱ ትከሻ ላይ ደግሞ ደንበኛው እርጥብ ራሱን አስግጓል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራሉ። ምንታምር መርፌው እንዳይነቀል በፕላስተር እያሰረች ትሰማለች።

አመሻሽ ላይ ምን ጎደለኝ ራሱን ቀና አደረገ። ሰዎቹ "እሰይ!" አሉ፤ ከዚያ ወሬያቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ጋሽ ሸምሱ በባልዲው ውሃ ታጥበው ሄዱ። እትዬ አስካለ በርበሬያቸውን ሊያስጨርሱ ሄዱ። ጋሽ ላቀው እስኪመሽ ቆይተው፣ ውሻው እዚያው ማደር እንዳለበት ምንታምር ስትነግራቸው እሳቸውም ሄዱ። ክፍሏ እንደ ድሮው ሆነች። ምንታምር ወለሉን ጠረገች። ዝምታው ግን ከወትሮው ይልቅ ከበዳት።

ምን ጎደለኝ ድኖ ቤቱ ገባ። ማታ ማታ ጋሽ ላቀው አጥር ሥር ቆመው ስሙን ይጠራሉ፤ አሁን ግን ከአጥሩ ወዲያ መልስ ይመጣል። "እዚህ ነው! አጥንት ይዟል! አንተም ና፣ እራት ቀርቧል!" ምንታምር ክሊኒኳን ዘግታ ስትሄድ ይህን ትሰማለች፤ ትንሽ ቆም ብላ ትሰማና መንገዷን ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ክዳን ያለው ሳህን ተላከላት። አዲሱ በርበሬ የገባበት ወጥ ነው። በሯ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፏን ዘግታ በላች። ሳህኑን አጠበችና ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አሰበች። ባዶውን መመለስ አይሆንም። እሷ ያላት ደግሞ ጥጥ፣ መርፌና የውሻ ክኒን ነው። ስለዚህ ወደ ጋሽ ላቀው ደጅ ሄዳ ሎሚ ለመነች። ጋሽ ላቀው እየሣቁ ሳህኑን ሞሉላት።

ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ሄደች፤ የእትዬ አስካለን በር በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገች።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"የውሻ ዶክተሯ" ልትል ነበር። "ምንታምር" አለች።

"ምንታምር!" አለ ከውስጥ የመጣው ድምፅ። "ምን ደጅ ያስቆምሻል? ግቢ እንጂ!"

ገባች። የኔም ተረት እዚህ ላይ አለቀች። በሳህን አቀረብኩላችሁ፤ እናንተም ሳህኔን ባዶውን አትመልሱልኝ።