ውሃ ያልነካቸው የትርንጎ እንስራዎች

ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር፣ ሰው ጠላኝ፣ ሰው ረሳኝ እያለ በሩን ዘግቶ የሚያለቃቅስ ሲገኝ፣ ሽማግሌዎች ረጅም ምክር አይመክሩትም። አንዲት አጭር ቃል ጣል ያደርጉለትና ከዘራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ቃሏን ዛሬ ትንሹም ትልቁም ይላታል፤ የውሃ ነገር ብቻ የምትመስለውም ብዙ ሰው አለ። መነሻዋ ግን ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቃሏ ትቆየንና ሴትዮዋን እናስቀድም።

የትርንጎ ባል የበቅሎ ነጋዴ ነበር። በሕይወት ሳለ ግቢው ከገዢና ከሻጭ ተለይቶ አያውቅም። ሲሞት ደግሞ ለቀስተኛው ቤቱን ሞላው፤ ተዝካሩ ወጣና ሰዉ ወደየጉዳዩ ተመለሰ። አንዲት ልጇ ከዓባይ ማዶ ስለተዳረች፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ብቅ ብላ አልቅሳ ከመመለስ በቀር ምንም ልታደርግላት አትችልም። ትርንጎ ምሳ አቅርባ ለብቻዋ ስትቀመጥ እጇ አልዘረጋ ይላት ጀመር። «የሚያጎርስሽ ከሌለ እንጀራም ጉሮሮ ይቧጥጣል» ትላት ነበር ጎረቤቷን ደብሪቱን።

የቀራት ደስታ ምንጭ መውረድ ነበር። የእናቷን እንስራ ታዝላለች፤ ጥቁር ነው፣ አፉ በአንድ በኩል ሸረፍ ብሏል፣ ማዘያው ገመድ የሚያርፍበት ቦታ ተፈግፍጎ ልሙጥ ሆኗል። ከደብሪቱ ጋር ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ወረፋ እስኪደርስ ድረስ ማን ወለደች፣ ማን ተጣላች፣ የማን ላም ማን እርሻ ገባች የሚለው ሁሉ እዚያው ይወራል። ሞልተው ሲመለሱ ግማሹ ወሬ ገና ስላላለቀ በየደጁ እየቆሙ ነበር የሚጨርሱት።

አንድ የገበያ ቀን ቢተው የሚባል ዕቃ ነጋዴ መጣ። ቢተው ባለቤቱ የሞተበትን፣ ወራሽ የተጣላበትን ቤት እያነፈነፈ አሮጌ ዕቃ የሚለቅም ሰው ነው። ከአህያው ጭነት ላይ ጭዱን ገለጥ አድርጎ አንገቱ ዙሪያውን እንደ ማተብ የተቀረጸ ገንቦ አወጣ።

«እሜቴ፣ ይህ ገንቦ ስንት ባላባት ቀብሯል» አላት።

ትርንጎ ገዛችው። በቅቤ ወልውላ መደቡ ላይ አቆመችው። በማግስቱ ደብሪቱ ልታየው መጣች፤ ደብሪቱ ላንዷ ነገረች፤ ያቺ ለሌላዋ ነገረች። ቀትር ላይ ቤቱ በሴት ተሞላ። ትርንጎ ቆሎ ቆልታ አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች፣ ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲያ የሳቀችበት ቀን አልነበረም። ለካ ሰው የሚመጣው የሚያየው ነገር ሲኖር ነው፣ አለች በልቧ። ስህተቷ እዚህ ላይ ጀመረ። ሰዎቹ ገንቦውን ምክንያት አድርገው እሷን ሊያዩ እንደመጡ አልገባትም።

ከዚያ በኋላ ቢተው በመጣ ቁጥር የትርንጎን ደጅ ሳይረግጥ አያልፍም። አናጢ ጠርታ በሦስቱ ግድግዳ ላይ የእንጨት ርብራብ አሠራች። ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቀችው። ከታች ሆዳቸው የሰፋ ጋኖች በጠጠር ተደግፈው ተሰለፉ፤ ከነሱ በላይ እንስራና ገንቦ፤ ከዚያ በላይ ብርሌ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ዛጎል የተሰፋበት ቅል። እውነት ለመናገር ቤቱ ያምር ነበር። የቀረው ደጃፉ ላይ ዘብ ማቆም ብቻ ነው።

ዘቡም እሷው ሆነች። ዕቃው በበዛ ቁጥር ቢሰበርስ የሚል ስጋት ገባባት። አንድ ቀን የደብሪቱ ባል ወንድም ውባንተ ሊጠይቃት ገባ። ውባንተ እጁ ከአፉ የሚቀድም፣ ችኩል፣ ሳቂታ ሰው ነው። ገና ከመቀመጡ ዋንጫ አንስቶ አየ፣ መለሰ፤ ከዚያ ትልቁን ጋን ሆዱን እንደ ከበሮ ደለቀው።

«ኧረ ተው! ኧረ እጅህን ሰብስብ!» ብላ ጮኸች። «ቢሰበርስ?»

«እትዬ ትርንጎ፣ ጋን መታሁ እንጂ እርስዎን መታሁ?»

ቤቱ ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ውባንተም ሳቁን ዋጠ፣ ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የመጣ እንግዳ እጁን ከነጠላው ሥር ሰብስቦ፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ባለጉዳይ ይቀመጣል። እናቶች ልጆቻቸውን ደጅ ይተዋሉ። ቀስ በቀስ ራሳቸውም ደጅ ቀሩ። ትርንጎ ግን ቅናት ነው ብላ ሌላ ዕቃ ገዛች።

የሞኝ ንግድ የነገደችው በዚያ ሰሞን ነው። ቢተው ሆዱ ላይ ጡት የሚመስል ጌጥ ያለው፣ አንገቱ የረዘመ፣ ቀይ አሮጌ እንስራ ይዞ መጣ። ትርንጎ ስታየው ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ።

«እህል ይጨምሩና ያችን ጥቁሯን ይስጡኝ» አለ ቢተው።

«የእናቴን? አፏ የተሸረፈውን ምን ልታደርጋት?»

«ውሃ የለመደች እንስራ ናት፣ እሜቴ። ውሃ ታቀዘቅዛለች። ገዥዋ ብዙ ነው።»

ነጋዴው የሚሠራውን ዕቃ ወስዶ የማይሠራውን እየሰጣት እንደሆነ ልብ አላለችም። ጥቁሯን ሰጠች፣ ቀዩን ተቀበለች። ቀዩን ይዛ ምንጭ እንዳትወርድ ቢሰበርስ? ሌላ ተራ እንስራ እንዳትገዛ ከነዚያ ሁሉ ጎን ማቆሙ አሳፈራት። ስመኝ የምትባል ሴት ቀጠረች፤ ስመኝም ውሃ በራሷ እንስራ እየቀዳች፣ ደጃፍ ላይ ባለች ተራ ማሰሮ ገልብጣላት ትሄድ ጀመር። ደብሪቱ ጥቂት ቀን ጠዋት ጠዋት «እትዬ፣ አንወርድም?» እያለች ተጣራች። በኋላ መጣራቷን ተወች።

ጥር ሲገባ ደብሪቱ ልጇን ልትድር ተነሳች። በሾላ ምንጭ ያለ ውሰት ድግስ የለም፤ የሀብታሙም የድሃውም ጠላ በጎረቤት ጋን ነው የሚጠመቀው። ደብሪቱ ከሁሉ በፊት ወደ ትርንጎ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ጋንና ሁለት ገንቦ ያውሱኝ። እኔው ራሴ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ እመልሳለሁ።»

ትርንጎ ርብራቡን አየች። ልቧ እሺ በይ ይላታል፤ አፏ ግን ቀደማት።

«ደብሪቱ፣ እነዚህ እኮ ለዓይን ናቸው እንጂ ለጠላ አይደሉም። ቢሰበሩስ?»

ደብሪቱ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «እሺ፣ እትዬ። ያኑርልዎት» ብላ ወጣች። ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

ለሠርጉ ትርንጎም ተጠርታ ሄደች። ዳሱ ውስጥ ጋኖቹ በረድፍ ቆመዋል፤ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ አንዱ ቀይ ክር፣ አንዱ የከሰል ምልክት አለበት። ሴቶቹ ጠላ ሲቀዳ «የኔ ጋን ጠላ ጣፈጠ!» «ሂጅ ወዲያ፣ የኔው ነው!» እየተባባሉ ይጯጯኻሉ። የድግሱ ባለቤት ደብሪቱ ብቻ አልነበረችም፤ ጋን ያዋሰ ሁሉ ባለቤት ነበር። ትርንጎ ብቻ እንግዳ ነበረች። በወግ አስቀመጧት፣ በወግ አበሏት፣ በወግ ሸኟት።

ከሠርጉ በኋላ የዕቃ መመለሻው ቀን መጣ። በዚያ አገር የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። አንዱ ውስጥ ዳቦ፣ አንዱ ውስጥ ቆሎ፣ አንዱ ውስጥ የተረፈ ጠላ ይደረጋል። መላሿም ደጅ ላይ አስረክባ አትሄድም፤ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ሠርጉ እንደ አዲስ ይወራል። ትርንጎ ይህን ታውቃለች። ደጇን ጠረገች፣ መደቡን አነጠፈች፣ ለምን እንዳነጠፈች ግን ራሷም አታውቅም። በሩን ገርበብ አድርጋ ተቀመጠች። የደብሪቱን ሳቅ ከላይኛው ቤት ሰማችው። ከዚያ ከማዶው ቤት። ከዚያ ኮቴው ወደ እሷ አጥር ቀረበ፣ ልቧ ዘለለ፣ ኮቴው አለፈ። የሚመለስላት ዕቃ ስለሌለ የሚያንኳኳ ሰው አልነበራትም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ እንባዋን ሳትጠርግ ሮጠች። ደጃፉ ላይ ሙሽሮቹን መርቀው የሚመለሱት አሮጊቷ መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ሐና ቆመዋል።

«ልጄ፣ ፀሐዩ አቃጠለኝ። ጥርኝ ውሃ ስጪኝ።»

ትርንጎ ደስ አላት። አስገባቻቸው፣ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ወደ ማሰሮዋ ሄደች። ማሰሮዋ ደርቃለች፤ ስመኝ ሠርግ ቤት ዕቃ ስታጥብ ነው የዋለችው። ትርንጎ ግራ ገብቷት ወደ ርብራቡ ዞረች። ውሃ እንደሌለባቸው እያወቀች አንዱን እንስራ ዘንበል አደረገች። ሌላውን ዘንበል አደረገች። አቧራና የሸረሪት ድር ብቻ ነው የወጣው። እማሆይ ከመደቡ ላይ ሆነው ያዩዋታል።

«እማሆይ፣ ጉዴን አዩልኝ» አለች። «ቤት ሙሉ የውሃ ዕቃ ይዤ ጥርኝ ውሃ አጣሁ። ሰዉም እንዲሁ ነው የሆነብኝ። ይምጡልኝ ብዬ ነበር እኮ የሰበሰብኩት። የሚመጣልኝ ጠፋ፤ ምን በድያቸው ነው?»

እማሆይ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ርብራቡ ጋ ሄደው ያንን ቀዩን እንስራ በአንድ ጣታቸው ነኩት። ትርንጎ እንደ ልማዷ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምንጩ ሩቅ አይደለም» አሉ እማሆይ። «ይህን አውርጂና እዘይው። ደብሪቱንም ስታልፊ ጥሪያት፤ ውሃውን ይዛችሁ እስክትመጡ እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«ይህን? ዕድሜ የጠገበ ዕቃ ነው እኮ፣ እማሆይ። ቢሰበርስ?»

«ሊሰበር ይችላል» አሉ አሮጊቷ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማዘያ ገመድ እያቀበሏት፤ «ግን ልጄ፣ ከቤት ያልወጣ እንስራ ሞልቶ አይገባም።»