ጠያቂ የበዛባት ጃካራንዳ

እኛ ሰፈር ደግ ሰው ሳይጠይቅ ለመርዳት ሲሮጥ ባየን ቁጥር የምንተርታት አንዲት ተረት አለች። ሌላ አገር ትባል አትባል እንጃ። እኛ ዘንድ ግን ከሰማይ ዱብ አላለችም፤ ከወይዘሮ ትሁኔ ደጃፍ ነው የተነሣችው።

ወይዘሮ ትሁኔ ውብሪስት የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻት። ውብሪስት ተድራ ራቅ ወዳለ ከተማ ልትሄድ ስትል፣ በመልሱ ማግስት አንዲት የጃካራንዳ ችግኝ አምጥታ ደጃፉ ላይ ተከለችና፣ «እማዬ፣ ስናፍቅሽ እሷን እያየሽ ቆዪ» አለቻት። እናት ሆዬ ነገሩን ከልቧ ያዘችው። ክረምቱን ሙሉ ችግኟ ለምልማ ስታያት «ልጄ ደህና ናት ማለት ነው» ትላለች። በኋላም ውብሪስት መፀነሷ፣ እንደ ወጉም የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት መጥታ እንደምትወልድ ተሰማ። ትሁኔ ብቻዋን እልል አለች።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ፣ የጃካራንዳዋ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ትሁኔ እንቅልፍ አጣች። «ዛፏ ከሞተች ልጄ ምጥ ላይ አንድ ነገር ትሆንብኛለች» ብላ ፈራች፤ ፍርሃቷንም ለጎረቤት አወራች። ማውራቷ ነው ጉዱ! እኛ ሰፈር እኮ የታመመ ባዶ እጅ አይጠየቅም።

መጀመሪያ የጓሮ ጎረቤቷ ወይዘሮ ላቀች መጣች። ቅጠሏን ገልበጥ መለስ አድርጋ አየችና፣ «ምች ነው የመታት፤ አታይም ፀሐይ ላይ ተገትራ!» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ፣ በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጣ አፈሰሰችባት።

«ምን ምች ትላለች ይቺ ደግሞ!» አሉ ማዶ ያሉት አቶ ይስማው በማግስቱ። «ዓይን ነው። ከመንገድ ዳር የቆመ ነገር መቼ ከዓይን ይተርፋል?» እሳቸውም ጠበል በጀሪካን አምጥተው ደፉባት።

ሌላው ሁሉ «ኧረ ጥማት ነው!» እያለ አላፊ አግዳሚው በየጆጉ ያፈስባት ጀመር። ማታ ማታ ትሁኔ ትደግማለች። ቅጠሏ ቢጫ በሆነ ቁጥር ውሃው ይጨመራል፤ ውሃው በተጨመረ ቁጥር ቅጠሏ ቢጫ ይሆናል።

ታኅሣሥ ላይ ውብሪስት ሆዷ ገፍቶ ከባጃጅ ወረደች። እናቷን ለመሳም ቸኩላ በዛፏ በኩል ብታቋርጥ፣ አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ።

«ውይ! እማዬ፣ ዝናብ ጥሎ ነበር እንዴ?»

«ኧረ ከመስከረም ወዲህ ጠብ አላለም!»

ያኔ ሁለቱም ወደ ታች አዩ። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ሲያይ የኖረው ወደ ቅጠሉ ነበር። ውብሪስት የረገፈ ቅጠል አንሥታ በመዳፏ ጨበጠችው። «የተጠማ ቅጠል እኮ ይንኮሻኮሻል። ይሄ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው» አለች። ትሁኔ ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረችው። መሬቱ መረሬ ነው፤ የገባበትን ውሃ ይዞ ያስቀራል። ግንዷን ያዝ ብታደርገው ችግኟ ተመዝዛ እጇ ላይ ቀረች፤ ሥሯ ጠቁሯል፣ በስብሶ ይሸታል።

«በገዛ እጄ ገደልኳት!» ብላ ትሁኔ አለቀሰች።

«እማዬ ሙች፣ እኔ ይኸው ፊትሽ ቆሜያለሁ አይደል?» አለች ውብሪስት ጫማዋን ከጭቃው እየጎተተች። እሷ ሳቀች። ትሁኔ ግን ሳቁ አልመጣላትም።

ውብሪስት በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጤና ጣቢያም መርምረው ደህና ነሽ አሏት። ሳምንት ሳይሞላት ግን ፊቷ ገረጣ፣ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ሰው ሲያናግራት መመለስ ታከታት። ትሁኔ ያ ቢጫ ቅጠል ድቅን አለባት። አጥሚት አፍልታ አጠጣቻት። ላቀች «ደም አንሷት ነው፣ አጠጫት!» እያለች ሌላ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ገባች። አቶ ይስማው ጠበላቸውን ይዘው መጡ። አንዷ ገንፎ፣ አንዷ የተልባ ውሃ ይዛ ትከተላለች። ውብሪስት ሰው እንዳይከፋው ሁሉንም ትቀበላለች፤ አንድ ጊዜ ፉት ሳትል ሌላ ይመጣል፤ ወሬው ይደራል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል።

ትሁኔ አንድ ኩባያ አጥሚት ደግማ ልትሰጣት እጇን ዘርግታ ሳለ ዓይኗ በተከፈተው በር ደጃፉ ላይ ከችግኟ ወደ ቀረው ጉድጓድ ሄደ። እጇን ሰበሰበች። ኩባያውን መሬት አስቀመጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ ምንሽን ነው?»

የውብሪስት እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እንቅልፍ ነው እማዬ። ከወለድኩ ወዲህ ሰው ሳይገባብኝ አሸልቤ አላውቅም።»

ትሁኔ ሕፃኑን ታቀፈች፤ «በሉ ተነሡልኝ፣ በሞቴ!» ብላ ጠያቂውን ሁሉ ወደ ደጅ አወጣችና በሩን ገጠመችው። ውስጥ ውብሪስት ወዲያው ጭልጥ ብላ ተኛች።

ላቀች ፔርሙዟን እንደታቀፈች ደጅ ቀረች፤ በጣም ከፍቷታል። «ይህን ያህል ደክሜ አፍልቼ! እስቲ አሁን እኛ ምን አጠፋን?» አለች።

ከሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጡት እማሆይ ጸዳለ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። በመቋሚያቸው ባዶውን ጉድጓድ አመለከቱና፣ «ምንም አላጠፋሽ ልጄ፤ ያቺንም እንዲሁ በፍቅር ነው የጨረስናት፣ እኔም አንድ ጆግ አለሁበት፤ ቅጠሉን አይተው አጠጡት፣ ሥሩን ሳያዩ ቀበሩት» አሏት።