አያ ዝንጀሮና የገበጣ ሰሌዳው

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላም በረቱን እናንተ ሙሉበት።

በአንድ ጫካ እመት ግንደ ቆርቁር የገበጣ ሰሌዳ ትሠራ ነበር። ጠጠር ሲጣልባቸው እንዳያፈሱ ጉድጓዶቹን በመንቆሯ ጥልቅ አድርጋ ትፈለፍላቸዋለች። አያ ዝንጀሮ ደግሞ ሰሌዳውን ለአራዊቱ በእህል ይሸጣል።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ መጣና፣ «እመት፣ አንድ ሰሌዳ ስትሠሪ ክረምቱ ይወጣል። ጫር ጫር አድርጊና ስጪኝ። ጠጠሩንም ለብቻ እንሸጠዋለን» አላት።

«ጉድጓዱ ካልጠለቀ ጠጠሩ ይንከባለላል፤ ጨዋታው ጠብ ይሆናል» አለችው።

«ይጣሉዋ! ጠጠር በጠፋባቸው ቁጥር እኔ ዘንድ ይመጣሉ።»

እሷ እምቢ ብላ ወደ ዛፏ ተመለሰች። እሱም በጥፍሩ እየጫረ ሰሌዳ አወጣ። በዚያ ሰሞን ጎተራው ጢም አለ። የገዙት ግን ጠጠሩ እየሸሸባቸው «ሰረቅኸኝ፣ አልሰረቅሁህም» ተባብለው ተናከሱ።

ሌላ ጊዜ አያ ዝንጀሮ አዲስ ሰሌዳና ጠጠር ተሸክሞ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየው የለም። አራዊቱ ከርከሮ በጥርሱ መሬት ላይ የቆፈረላቸውን ገበጣ ከበው፣ ከወንዝ በለቀሙት ጠጠር ይጫወታሉ። እመት ግንደ ቆርቁር የጉድጓዶቹን ጠርዝ ታስተካክላለች።

አያ ዝንጀሮ ቆሞ ቆሞ ሲያበቃ፣ «እኔስ ለመጫወት ስንት ልክፈል?» አለ።

ከርከሮም ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና፣ «ቁጭ በል፤ ተራህ ሲደርስ ትጫወታለህ» አለው።

አያ ዝንጀሮ ከተሸከማቸው ሰሌዳዎች አንዱን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦዬንም አትርሱ።